ስኳር ይዞ የደሴን ዳገት ስለ መውጣት

እኅታችን «ስኳር ካለብኝ 4 ዓመት ሆኖኛል፤ ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ሰፈሬ በእግሬ ስወጣ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ፤ ከእንግዲህ በባጃጅ ብቻ ብመላለስ ይሻለኛል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ኢንሱሊን እየተወጋሁ 11 ዓመት በደሴ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ ግን የደረሰብኝን ልንገርዎ። መራመዱን አይተዉት።

ከተማችን ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች በመሆንዋ ጤነኛውም ሰው ዳገትዋን ሲወጣ ያልበዋል፣ ልቡም ይመታል። የደም ስኳር ሲወርድም እንዲሁ ስለሚያደርግ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱን መለየት አቅቶኝ «የዳገት ድካም ነው» እያልሁ እገፋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መድኃኒቴን ተወግቼ፣ ቁርስ ሳልቀምስ ቡና ብቻ ጠጥቼ ወጣሁና፣ ሠፈሬ መታጠፊያ ላይ ስደርስ የቤቴ በር የትኛው እንደ ሆነ ጠፋኝ። አንድ ሊስትሮ ልጅ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ለስላሳ ገዝቶ አጠጣኝ፤ የልጁን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ በልቼ ካልሆነ አልወጣም፤ መንገዱንም በሦስት ማረፊያ ከፍዬ በየማረፊያው ቆም እያልሁ ሰውነቴን ልብ እላለሁ። የዳገት ላብ ሞቃት ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቆሙም ትንፋሽ ይረጋል። ስኳሬ ሲወርድ ግን ላቡ ቀዝቃዛ ሆኖ ከአንገቴ ሥር ይጀምራል፣ ብቆምም አይተወኝም፣ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ ያለ ምክንያትም እበሳጫለሁ (ባለቤቴ ከስኳር መለኪያው ቀድማ የምታውቀው በዚህ ነው)። ጥርጣሬ ካለ ግን ምርምሩ ይቅር፤ መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ በእጅዎ ከሌለ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ይለኩ። ዳገት ላይ ደረትዎን የሚጨንቅዎ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ባጃጁ፣ እኔ ከዚያ ቀን በኋላ መራመዱን እንደገና ስጀምር ቁልቁለቱን በእግሬ፣ ዳገቱን በባጃጅ አደርግ ነበር። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቁልቁለት ጣትን ወደ ጫማ ጫፍ ስለሚገፋ፣ ከስኳሩ የተነሣ እግሩ የደነዘዘ ሰው ቁስሉን ሳያውቀው ይከርማል። እኔ ለውዱእ እግሬን በማጥብበት ጊዜ ሁሉ በጣቶቼ መካከል አይቼ አደርቃለሁ፤ እርስዎም ማታ ማታ እግርዎን ሲታጠቡ እንዲሁ ቢያደርጉ ሌላ ሰዓት መፈለግ አያስፈልግዎትም። ልጄ ዘንድ ኮምቦልቻ ስወርድ መንገዱ ሜዳ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ኢንሱሊኑን ስለሚያፋጥነው ከወትሮው ደጋግሜ እለካለሁ።

የሚወስዱት መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳር የመውረዱ ነገር እምብዛም አይደለም፤ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፣ መጠኑንም በራስዎ አይቀንሱ። የሄዱበትን ሰዓትና የለኩትን ቁጥር በደብተር እየጻፉ ለክትትል ቀጠሮዎ ይዘው ይሂዱ፤ የእኔን የጠዋት መጠን ሐኪሜ ዝቅ ያደረገልኝ እንዲህ ያለውን የሦስት ሳምንት ጽሑፍ አይቶ ነው።