ቦሎቄ፣ ዕጣና ናሙና፦ የሒሳብ መምህራን ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ባልደረቦች ስለ ናሙና አወሳሰድ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «በዘፈቀደ ምረጡ» ስላቸው ተማሪዎቼ ዓይናቸው ያረፈበትን ልጅ ይጠቁማሉ። እንዴት ላርማቸው?

መልስ፦ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የቃሉ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛችን «በዘፈቀደ» ማለት ያለ ሥርዓት፣ እንደ ፈቀዱ ማለት ሲሆን፣ በስታቲስቲክስ ግን የመራጩ ፈቃድ እንዳይገባበት ታስቦ የተዘጋጀ ጥብቅ ሥርዓት ነው። ስለዚህ እኔ ቃሉን አዘግይቼ ከዕጣ እጀምራለሁ። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ያየ ልጅ ወረቀቶቹ ለምን እኩል እንደሚቆረጡ፣ ለምን በአንድ ዓይነት እንደሚጠቀለሉና ለምን እንደሚናወጡ ቢጠየቅ ሳይቸገር ያስረዳል። እያንዳንዱ አባል እኩል የመመረጥ ዕድል ይኑረው የሚለው ትርጓሜ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ማናወጡ በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣልን?

መልስ፦ ያመጣል። አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት የምትመለምላቸውን ወጣቶች ቅደም ተከተል ለመወሰን በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. 366 የልደት ቀኖችን በትንንሽ እንክብሎች አድርጋ ዕጣ አውጥታ ነበር። እንክብሎቹ በወር ተራ ገብተው በቂ ሳይደባለቁ ስለቀሩ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ዕጣ ቀድሞ የመውጣት ዝንባሌ አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመትም አሠራሩ ተለወጠ።

ጥያቄ፦ አምስት ቡድኖች ከአንድ ዕቃ ናሙና ወስደው አምስት የተለያየ ውጤት አመጡ። ተማሪዎቹ «የማን ነው ትክክል?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያው ላይ ስለሆነ ጥያቄውን ሊደሰቱበት ይገባል። በአንድ ባልዲ 200 ቦሎቄ ያድርጉ፤ 60ው ቀይ፣ 140ው ነጭ ይሁን። (ቀዩና ነጩ በመጠን ከተለያዩ እጅ ይለያቸዋልና ነጩን ብቻ ወስዶ 60ውን በቀለም መንከር ይሻላል።) ቡድኖቹ ሳያዩ አሥር አሥር እያወጡ፣ ቀዩን ቆጥረው እየመለሱና እያደባለቁ ደጋግመው ይሥሩ፤ እያንዳንዱ ውጤት በሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ይሁን። ስድሳ ያህል ነጥብ ሲጠራቀም ክምሩ በ3 ዙሪያ ይቆማል፤ ሆኖም በትክክል 3 የሚመጣው ከአራቱ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው በ1ና በ5 መካከል ያርፋል። ልዩነቱ የማንም ስሕተት አለመሆኑን፣ ይልቁንም የራሱ ቅርጽና ወሰን ያለው መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ቀጥሎ ናሙናውን ወደ 40 አሳድገው ውጤቱን በመቶኛ ያስጽፉ፤ የነጥቦቹ ስፋት በግማሽ ያህል ይጠባል፤ ይኸውም አራት እጥፍ ደክሞ ግማሽ መጥበብ ማግኘት ነው። የባልዲውን እውነተኛ ቁጥር ግን እስከ መጨረሻው አይንገሯቸው፤ ቀድሞ የተነገረው ክፍል ግምት መስጠቱን ትቶ ወደ ማረጋገጥ ይዞራል።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ ናሙናው ትልቅ ከሆነ ሁሉም ይስተካከላል ማለት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936 እ.ኤ.አ. ለአሥር ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ቢያገኝም በዚያ ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕጩው ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። ስሞቹ በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ ከመሆናቸውም በላይ መልስ የላኩት ካልላኩት የተለዩ ነበሩ። ለልጆች ግን የእህል ጆንያ ይበቃል፦ ከላይ ብቻ የሚዘግን ገዢ አንድ እፍኝም ሆነ አሥር እፍኝ ቢያይ የታችኛውን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ መውሰድ ግዴታ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ጠቅላላው እጅግ ብዙ ሲሆን ወሳኙ የናሙናው ቁጥር እንጂ ድርሻው አይደለም።

ጥያቄ፦ መረዳታቸውን በፈተና እንዴት ልለካ?

መልስ፦ ትርጓሜ አያስጽፏቸው። «አንድ ቡድን ስድስት ጊዜ አሥር አሥር ቦሎቄ አውጥቶ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3 አገኘሁ ብሏል፤ ታምኑታላችሁን? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። በእጁ ያወጣ ተማሪ ቡድኑ ባልዲውን ሳይነካ እንደጻፈው ይጠረጥራል።