«ለሆርሞን ምርመራ አዲስ አበባ ልሂድ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አየሁት። 47 ዓመትሽ ነው፤ ወር አበባሽ አንዴ በሦስት ሳምንት፣ አንዴ በሁለት ወር ይመጣል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቅሻል። ከፍኖተ ሰላም ተነስተሽ አዲስ አበባ ሆርሞን ልትለኪ አስበሻል። ብሩን ከማውጣትሽ በፊት የእኔን ስሚ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ነኝ፤ አሁን 53 ዓመቴ ነው። ላቡ በ46 ጀመረኝ። የማርቆስን የሐምሌ ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ባለቤቴ ጋቢ ደርቦ ተኮራምቶ ይተኛል፣ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለውን የሆርሞን ምርመራ አሠራሁ። 9 ወጣ። «ለማረጥ ገና ነሽ» ተባልኩ። ላቡ ግን አልቆመም። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ደገምኩት፤ 41! «በቃ አርጠሻል» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወር አበባዬ ዱብ አለ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሳቅኩ። የከፈልኩትን ሳስብ ግን ሳቁ ቆመ።

ኋላ አንዲት የማሕፀን ሐኪም አስረዳችኝ። ሆርሞኑ የሚወጣው ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ነው፤ ሥራው የእንቁላል ማምረቻውን መቀስቀስ ነው። ማዶ ለማዶ እንደ መጣራት አስቢው። ማዶ ያለው ካልሰማ ጠሪው ድምፁን ያጎላል፤ ከሰማ ዝቅ ያደርጋል። በእኛ ዕድሜ ማምረቻው አንዱን ወር ይሰማል፣ ሌላውን ወር ይተኛል። ስለዚህ ቁጥሩ የዚያን ቀን ወሬ ነው። ከ45 በላይ ከሆንሽ ወደ ማረጡ መግባትሽን ለማወቅ ምልክቱና የወር አበባሽ መዛባት ይበቃል። ከ40 በታች ያለች ሴት ግን መመርመር አለባት፤ እሷም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ደግሞ ውጤቱን ያዛባል።

ሐኪሟ ሆርሞኑን ትታ የታችኛውን የዐይኔን ሽፋን ሳብ አድርጋ አየች። «ደምሽን ተለክተሻል?» አለችኝ። ማን ለክቶኝ! ሄሞግሎቢኔ 8.6 ሆኖ ተገኘ፤ ደም ማነስ ነው። ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝን ሁሉ «የማረጥ ነው» ብዬ ነበር። ለካ በየወሩ የሚፈሰው ብዛቱ ነው የጨረሰኝ። አልትራሳውንድ ላይ ትንሽ የማሕፀን ዕጢ ታየ። የአይረን ኪኒን ለወራት ዋጥኩ፤ ከቡና ጋር እንዳልወስደው አስጠነቀቀችኝ። ለጎጃም ሴት ከኪኒኑ ይልቅ ይሄ ነው የሚከብደው!

ታይሮይድሽንም፣ አንገት ላይ ያለችውን እጢ፣ አሠሪ፤ ምርመራውን ቲ ኤስ ኤች ይሉታል። በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም። ታናሽ እህቴን ላብና የልብ ምት ሲያስቸግራት «ያው የዕድሜ ነው» ስንላት ከረምን፤ ስትመረመር ታይሮይዷ ከልክ በላይ እየሠራ ነበር። ስኳርም ጨምሪበት። ወር አበባሽ ሲቀርም መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ነው። አትሳቂ፣ በ47 ይረገዛል። ከ50 በፊት ወር አበባ ቢቆም እንኳ መከላከያ ለሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ ከ50 በኋላ ለአንድ ዓመት።

ዓመት ሙሉ ቆሞ ከቆየ በኋላ ጠብታም ብታይ ግን ነገ ዛሬ ሳትይ ሂጂ።

እኔ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ደም የመጣበትን ቀን በእርሳስ እከብ ነበር፤ ላብ ያጠመቀኝን ሌሊት አሰምርበታለሁ። ባለቤቴ የዕቁብ ቀን መስሎት ነበር። ሐኪሟ ግን ከሁለቱ የላብራቶሪ ወረቀቶች ይልቅ እሱን ነው ደጋግማ ያየችው። አንቺም ከዛሬ ጀምሪ።

መርፌ ትወስጂ እንደሆነ አልጻፍሽም። ትወስጂያለሽ?