4,294,967,297 ፕራይም ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ሆኜ 4,294,967,297ን በስልኬ ካልኩሌተር ለ3 ለ7 ለ11 ለ13 አካፈልኩት እምቢ አለኝ፣ ፕራይም ነው እንዴ? (አንባቢያችሁ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ (ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ለ1 እና ለራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ነው)፣ ግን ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማም ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር። 32 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ስትጨምር የሚመጣው ቁጥር ነው፣ በፈረንጆቹ 1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ፣ ድርሻው 6,700,417 ነው እሱ ደግሞ ፕራይም ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው፣ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ የሆነ ሁሉ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል፣ ስለዚህ እነ 3 እና 7ን መሞከር ምንም አያስፈልግህም፣ እንደዛ የሆኑት ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እያሉ ይሄዳሉ፣ አምስተኛው ራሱ 641 ነው በቃ! አምስት ሙከራ ብቻ፣ አሁኑኑ በስልክህ ሞክረው።