እስከ ጥር ልጠብቀው?

ይድረስ ለእታለም፣

የ31 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባሕር ዳር ከሚሠራው ጓደኛዬ ጋር የተዋወቅነው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌ እልካለሁ ካለኝ አራት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ «ቤቱን ልጨርስ» አለ። ቀጥሎ «ታናሽ ወንድሜ ይመረቅ»። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፤ ሽማግሌ በምን ይምጣ ብዬ እኔው ዝም አልኩ። መንገዱ ሲከፈት ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ሠርግ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ሚያዝያም ግንቦትም አለፉ። አሁን ደግሞ «ለጥር» ይለኛል። አብሮ አደጎቼ ሁሉ ወልደዋል። አባቴ ሽማግሌ ይመጣል ብሎ በር በሩን ያያል፤ እናቴ ለሙሽራው ብላ የፈተለችው ጋቢ ከሳጥን አልወጣም። በመጋቢት አባቴ ታሞ ሦስት ሳምንት ሐኪም ቤት ሲተኛ እንኳ፣ ጓደኛዬን እንዳላስጨንቀው ብዬ አልነገርኩትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ ሴትም የለችውም። እስከ ጥር ልጠብቀው ወይስ ሰባት ዓመቴን ልጣል?

እኅቴ፣

ጥርን ተይውና ስለ መጋቢት እናውራ። አባትሽን ሦስት ሳምንት ስታስታምሚ፣ ማታ በስልክ ድምፅሽን የሚሰማው ሰው «ምን ሆነሻል?» ብሎሻል? ብሎሽ ቢሆን ኖሮ ትጽፊልኝ ነበር። እንዳላስጨንቀው ብዬ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሚት ይዞ አባትሽን ሲጠይቅ እርሱን ብቻ ከጭንቀት ያዳንሽው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ነግረሽው ሳይመጣ እንዳይቀር ፈርተሽ ነው። መልሱን ስለምታውቂው አልጠየቅሽውም።

ለእኔ የወላጅ ሕመም የማይነገረው ሰው እጮኛ አይደለም። ሽማግሌው ነገ ቢመጣም ይህን አሳቤን አልለውጥም። ያገባሽ ዕለት አንቺ ስትታመሚ ለማን ትናገሪያለሽ? ክፉ አለመሆኑን አምኜሻለሁ፤ ነገር ግን ለትዳር ይህ አይበቃም።

ባሕር ዳር ድረስ አትሂጂ። ደውዪለት፤ አባትሽ ታመው እንደነበር ንገሪው፣ ከዚያም ጥርን እንደማትጠብቂ ንገሪው። ሌላ ቀጠሮ ሲጀምር አትከራከሪ፣ ስልኩን ዝጊ። ታለቅሻለሽ፤ አልቅሺ፣ ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም። ለአባትሽ ግን ዛሬውኑ ራስሽ ንገሪያቸው፤ በር እያዩ መቀመጣቸው ይብቃ።

እናትሽም ጋቢውን ከሳጥን ያውጡት። የማርቆስ ክረምት ብርዱ ጽኑ ነው፣ ከሕመም ለተነሣ ሰው ደግሞ ይብሳል። አባትሽ ይልበሱት።