ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስ፦ ስለ ሥር ዕቃ ፍለጋ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቼ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው አሮጌ ኮሮላ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። ተሳስቶ መግዛት ድሮም ያበሳጫል፣ አሁን ግን ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ የዛሬው ሙሉ ለሙሉ ስለ ሥር ዕቃ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ስለሚያያይዘው የእግር ዕቃ ነው። ጠይቁኝ።

ጋሼ፣ የአባቴን ዲኤክስ ኮሮላ ነው የምነዳው። ቦል ጆይንት (ጎማው እንዲታጠፍ የሚያስችለውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ገዝቼ ሁለቴ መለስኩ፤ ሁለቱም አልገጠመም። ሻጩ ግን «የዲኤክስ ነው» ብሎ ይምላል።

ሻጩ አልዋሸህም። ጣጣው ያለው ስሙ ላይ ነው። ዲኤክስ የሞዴል ስም አይደለም፤ መኪናው ምን ምን ተሟልቶለት እንደወጣ የሚናገር የደረጃ ስም ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳው ኬኢ70ም፣ በፊት ጎማ የሚነዳው ኢኢ80ም ዲኤክስ ተብለው ተሸጠዋል። የሁለቱ የፊት እግር ፈጽሞ አይገናኝም።

ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ ኋላ ያለውን የብረት ግድግዳ እይ። ትንሽ ሰሌዳ ተመትቶበታል። አቧራውን በጨርቅ ጥረገው፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ከዚያ በኋላ ሱቅ ስትገባ «የዲኤክስ» አትበል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ኮድ ጥራ።

ሌላው የዕቃ ቁጥር ነው። የቶዮታ ቁጥር አምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ነው። የፊተኞቹ አምስቱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 43330 የታች ቦል ጆይንት ነው። 45046 የመሪ ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ)፣ 48510 የፊት ቀኝ ሾክ አብዞርበር (ንዝረት የሚያበርደው)፣ 48520 የፊት ግራ። ለየትኛው መኪና እንደሆነ የሚለየው የኋለኛው አምስት ነው። ቁጥሩን ካላገኘኸው አሮጌውን አስፈትተህ ይዘህ ሂድ። የጫፉን ውፍረት፣ የብሎኖቹን ርቀት ጎን ለጎን አስተያይ። ሱቁ ውስጥ የምታጠፋው አምስት ደቂቃ አንድ ቀን ሙሉ ከመመላለስ ያድንሃል።

555 የሚል ካርቶን ሁሉ ኦርጅናል ነው?

አይደለም። 555 የጃፓኑ የሳንኬይ ኩባንያ ምልክት ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ጥሩ ስለሆነም በብዛት ይቀዳል። እኔ ራሴ ካርቶኑን አምኜ የገጠምኩት ቦል ጆይንት በሁለት ወር ውስጥ ላልቶ መወዛወዝ ጀምሯል። ደንበኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነበር የሚነዳው። ያን ቀን ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም።

አሁን ካርቶኑን ትቼ ብረቱን ነው የማየው። ምልክቱ ብረቱ ላይ በጥራት ተመትቷል ወይ? የብሎኑ ጥርስ ንጹህ ነው ወይ? የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ሲጫኑት ለስልሶ ይመለሳል ወይስ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል? ጫፉን በእጅ ሳወዛውዘው እኩል መክበድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ላላ ካለኝ አልወስደውም።

የሎወር አርም (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ላስቲክ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። ሁልጊዜ ይቀደዳል። ዕቃው ነው ወይስ መንገዱ?

እህቴ፣ መንገዳችን ንጹህ አይደለም፤ ግን ሦስት ጊዜ ከሆነ የምጠረጥረው አገጣጠሙን ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመካኒክሽ አንብቢለት።

መኪናው በክሪክ ሲነሳ እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል። መካኒኩ እንደተንጠለጠለ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ ካሰረው፣ ጎሚኒው በዚያ ቦታ ላይ ይያዛል። መኪናው መሬት ሲወርድ እግሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ላስቲኩ ገና ሳይነዳ ይጠመዘዛል። ቆሞ እያለ እንኳ እንደተጠመዘዘ ያድራል። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ በላዩ ይጨምርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኑን ሳያጠብቁ ማስገባት ብቻ፤ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘላል፣ ምክንያቱም መሬት ላይ ሆኖ ማጥበቅ አይመችም። አንቺ ግን አጠገቡ ቆመሽ አስጠብቂ።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ መግዛት እንዴት ነው?

ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ለአሮጌ መኪና ባለውለታ ነው። ያልተጣመመ ሎወር አርም፣ ስታቢላይዘር ባር (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ)፣ ቆርጠው ያላሳጠሩት ሞላ ግዛ። አርሙን መሬት ላይ አጋድመው፤ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካየህ ተወው። ያገለገለ ቦል ጆይንት፣ ቴስቲኒ፣ ኩሽኔታና ሾክ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ይተኛል፣ መሪውም ከእጅህ ይወጣል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከቨርጂኒያ ነኝ። ለወንድሜ ኬኢ70 ዕቃ በሻንጣ ልልክ ነው። እዚህ «የ1981 ኮሮላ» እያልኩ ልግዛ?

በዓመት አትግዛ። እዚያ አሜሪካ በዚያ ዓመት የተሸጠው ኮሮላ ሞተሩ 1.8 ሊትር ነው። የወንድምህ ሞተር፣ 4ኬ የሚባለው፣ 1.3 ሊትር ነው። አንዳንዱ ዕቃ ይመሳሰላል፣ አንዳንዱ አይመሳሰልም። የሰሌዳውን ፎቶና ከአሮጌው ዕቃ ላይ የተነበበውን ቁጥር ይላክልህ። ጎሚኒ፣ ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ ለሻንጣ ይመቻሉ። በጋዝ የተሞላ ሾክ ግን በአውሮፕላን ላይ እንደ አደገኛ ዕቃ ሊቆጠር ስለሚችል አየር መንገዱን ቀድመህ ጠይቅ።

ላዳ 2107 አለኝ ልጄ። የሰጡኝ ዕቃ ላይ 2101 ይላል። ልመልሰው?

አይመልሱት አባቴ፣ መጀመሪያ ያስተያዩት። የላዳ ቁጥር የሚጀምረው ዕቃው መጀመሪያ በተሠራለት ሞዴል ነው። 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት 124 ተነስቶ የተሠራው ላዳ ነው፤ ብዙ የእግር ዕቃው ሳይለወጥ እስከ 2107 ዘልቋል። የእርስዎ የላይና የታች ቦል ጆይንት ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱን በየስማቸው ጠይቀው ይግዙ።

ሾኩ ስለተወደደ ሞላው መሃል ጎማ (የላስቲክ ቁራጭ) ላስገባልህ ተባልኩ።

አታስገባ። ጎማው የገባበት ቀለበት መሥራት ያቆማል፣ ጫናው ሌላው ላይ ያርፋል፤ ሞላው የሚሰበረውም እዚያ ነው። ብር እስክታጠራቅም ቀስ ብለህ ንዳ። ስትገዛ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር።

ቮልስስ?

በቅድሚያ የፊት እግሩ ኪንግ ፒን (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት የቆመ ብረት) ይሁን ቦል ጆይንት ለይ። ቦል ጆይንት በቮልስ ላይ የመጣው ከእ.ኤ.አ. 1966 ሞዴል ጀምሮ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ሲመረት ስለቆየ የቦል ጆይንቱ ዕቃ ከውጭ ዛሬም ይገኛል።

ሁሉንም ቀይሬ ኮብልስቶን ላይ አሁንም «ኳ ኳ» ይላል።

መስኮት ከፍተህ ቀስ ብለህ ንዳ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከውጭ አብሮህ እየሄደ ያዳምጥ። ከዚያ አቁመህ ኮፈኑን ክፈት። ሰውየው መኪናውን ከፊት ሲያወዛውዝ አንተ እጅህን የሾኩ የላይ መቀመጫ ላይ አድርግ። ድምፁ መዳፍህ ውስጥ ከተሰማህ 48609፣ ማለትም ራሱን የላይ መቀመጫውን ነው የምትፈልገው።