ጣሪያዬ ላይ ማን ፈቀደልህ? የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ዋሽንግተን አካባቢ የኤርፖርት ጫጫታ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው ከአሌክሳንድሪያና ከአርሊንግተን ነው። ከአሽበርንም፣ ከቦሌም ደርሶኛል። አሳጥሬዋለሁ። ስድቡንም አውጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቀን ቤቱን ያንቀጠቅጡታል፣ በማግስቱ ጭጭ ይላሉ። ኤርፖርቱ እየተዘጋ ነው?

ነፋስ ነው። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ወደ ናሽናል (ዲሲ አጠገብ ያለው ሬገን ናሽናል ኤርፖርት) የሚያርፉት ከሰሜን፣ የፖቶማክን ወንዝ ተከትለው ነው። ከሰሜን ሲመጣ ደግሞ በአሌክሳንድሪያ በኩል ይገባሉ። እርስዎ ጭጭ ሲልልዎ ሌላው እየተንቀጠቀጠ ነው።

በኢንተርኔት ቅሬታ እሞላለሁ። ባለፈው ወር ብቻ 40 ልኬያለሁ። የሚያነበው ሰው አለ?

ይቆጠራል። ችግሩም መቆጠሩ ላይ ነው። በ2015 ስለ ሬገን ናሽናል ከገባው ከ8 ሺህ በላይ ቅሬታ ውስጥ 6 ሺህ 500 ያህሉ የመጣው ከአንድ ቤት ነበር። ሰሜን ምዕራብ ዲሲ ካለ አንድ ቤት! እዚያ ቤት ያለው ሰው የምሩን ተሰቃይቶ ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ግን እንዲህ ያለ ቁጥር «የሚያማርረው አንድ ሰው ነው» ለማለት ይመቻል። ከአንድ ቤት 40 ከሚሄድ ከአሥር ቤት አራት አራት ቢሄድ ይሻላል። ጎረቤትዎን ያንኳኩ። ሲጽፉም ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ምን እንደሆነ ያስገቡ። «ልጁ ነቃ» ማለት «አበዛችሁት» ከማለት ይበልጣል።

ናሽናል ታክሲ እነዳለሁ። ሚስቴ ደግሞ ድምፁን ለመቃወም ፊርማ ታሰባስባለች። እንጀራዬን ቤቴ ውስጥ ሆና ነው የምትዘጋብኝ?

አይዞህ ወንድሜ። ናሽናል በቀን ስንት በረራ እንደሚያስተናግድ የሚወስነው ኮንግረስ ነው። በ2024 የወጣው ሕግ በቀን አምስት ደርሶ መልስ በረራ ጨምሯል፤ ያውም የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሴናተሮች አይሆንም እያሉ። ሴናተር ያላስቆመውን ያንተ ባለቤት አታስቆመውም። እሷ የምትጠይቀው መስመሩና ሰዓቱ እንዲስተካከል ይመስለኛል። እሱ ያንተን ተሳፋሪ አይቀንስም። ሌሊት ሠርተህ ቀን የምትተኛ ከሆነማ ፈርምላት።

ጓሮዬ ስድስት ዶሮ አለኝ። አውሮፕላኑ ካስደነገጣቸው ወዲህ እንቁላል ቀንሰዋል። መክሰስ እችላለሁ?

አይሳቁ፤ የአሜሪካ ሕግ ስለ አውሮፕላን ድምፅ ያለው ትልቁ ፍርድ የዶሮ ጉዳይ ነው። ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ አጠገብ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላኖች ከመሬታቸው 83 ጫማ ብቻ ከፍ ብለው ማለፍ ጀመሩ። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ እየተላተሙ አለቁ፤ ወደ 150 ይሆናሉ። በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቤተሰቡ ፈረደ፤ እንዲህ ዝቅ ብሎ መመላለስ መሬት እንደ መውሰድ ነው፣ መንግሥት ይካስ አለ። የእርስዎዎቹ ላይ የሚያልፈው ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ ነው። ደግሞም ቀኑ ሲያጥር ዶሮ እንቁላል ይቀንሳል። ከፈለጉ ጠበቃ ያማክሩ።

የኤርፖርት ስብሰባ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የኤርፖርቱ ሰው «የእኛ ሥልጣን አይደለም» አለ። የካውንቲውም እንደዚያው። ታዲያ የማን ነው? ሁለተኛ እግሬን አላነሳም።

እኔም አንዴ እንዲህ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው። ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ እርስ በርስ ሲንቃጩ በሰማሁ ቁጥር ሰዓቱን እጽፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «ማክሰኞ 4፡50» አልኩ። ሰውየው ኮምፒውተሩን አየና «በዚያ ሰዓት ያለፈ አውሮፕላን የለም» አለኝ። ልሰድበው ምንም አልቀረኝ። ለካ እኔ የጻፍኩት በሐበሻ ሰዓት ነው! እሱ የፈለገው ንጋት ላይ፣ እኔ የነቃሁት ከምሽቱ 4፡50። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በትክክለኛው ሰዓት ፈለገና አውሮፕላኗን አገኛት። ያቺን ማታ ከነስሟ አወቅኋት።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሁለቱም አልዋሹዎትም። መሬቱ የኤርፖርት ባለሥልጣኑ ነው፤ ናሽናልንና አሽበርን አጠገብ ያለውን የዳለስን ኤርፖርት ከ1987 ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥት ተከራይቶ ያስተዳድራል። 17 የቦርድ አባላት አሉት፤ ሰባት ከቨርጂኒያ፣ አራት ከዲሲ፣ ሦስት ከሜሪላንድ፣ ሦስት በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ። ሰማዩ ግን የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ነው፤ አውሮፕላኑ በየት በኩል ይሂድ የሚለው እሱ ነው። ቤት የት ይሠራ የሚለው ካውንቲው ነው። የበረራው ብዛት፣ ቅድም እንዳልኩት፣ የኮንግረስ። አራት በር ነው። እርስዎ ሁለቱን አንኳኩተው ተመለሱ።

«ከተማው ሌሊት ይዝጋው» የሚሉም አሉ። አይችልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በርባንክ የምትባል ከተማ ሞክራ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፈች። በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ኤርፖርቶች ራሳቸው አዲስ ገደብ እንዳያወጡ እጃቸውን አሰረ። ናሽናል ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ጩኸታም አውሮፕላን ላይ ያለው ገደብ የተረፈው ከዚያ ሕግ በፊት የነበረ ስለሆነ ነው። በረራ አይከለክልም፤ ጩኸታሙን ነው የሚከለክለው።

አሁን እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር። አዲሱ የሳተላይት አቅጣጫ ሥርዓት ሲመጣ ድሮ በሰፊው ይበተን የነበረው በረራ እንደ ክር ቀጠነ። ክሩ የወደቀበት ሰፈር ተቃጠለ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና የሰፈሩ ማኅበራት በነሐሴ 2015 የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩን ከሰሱ። ሀብታም ሰፈር ነው፤ ጠበቃ ሞልቶታል። በ2018 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘግቶ አሰናበታቸው። የድምፁን መጠን እንኳ አልመዘነም። መሥሪያ ቤቱ የወሰነው በታኅሣሥ 2013 ነው፣ ሕጉ የሰጣችሁ 60 ቀን ነው፣ ዘገያችሁ አለ። እነሱ ደግሞ ወረቀቱ ሲወጣ ማን ነግሮን ይላሉ። የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማም ዘግይታ ነው የከሰሰችው፤ ግን መሥሪያ ቤቱ «እናስተካክላለን» እያለ ስላቆያት ፍርድ ቤቱ ተቀበላት፣ በ2017 አሸነፈች።

ስለዚህ «አልሄድም» ሲሉኝ ይቆጨኛል። ጩኸቱ ጣሪያዎ ላይ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ናሽናል በ2015 የተቋቋመ የነዋሪዎች ተወካዮች የሚሰበሰቡበት የድምፅ ጉዳይ ቡድን አለው። ሥልጣን የለውም፤ ምክር ነው የሚሰጠው። ይሁን። መስመር ሊቀየር ሲታሰብ ወሬው ቀድሞ የሚሰማው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እኔ ስሄድ ወንበሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማያቸው ጡረተኛ ፈረንጆች ናቸው፤ ጊዜ አላቸው፣ ካርታ ማንበብ ያውቃሉ። ከእኛ ሰው ግማሹ ኤርፖርቱ ውስጥ እየሠራ፣ ግማሹ ከሥሩ እየኖረ፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ሁለት ብንሆን ነው። በየወሩ ሁላችንም እንሂድ አላልኩም። እንደ ዕቁብ በተራ እንሂድ። የሄደው ያየውን ለቀረው ይንገር። እንግሊዝኛ ለከበደው አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «65» የሚል ቁጥር ሲሰሙ አይደናገሩ። በዲሲቤል የሚለካ የ24 ሰዓት አማካይ የድምፅ መጠን ነው፤ ሌሊት ያለፈ አንድ አውሮፕላን እንደ አሥር ይቆጠራል። ከ65 በታች ከሆኑ በወረቀት ላይ ችግር የለብዎትም። በ2021 የወጣው የራሱ የመንግሥት ጥናት ግን 20 ኤርፖርቶች አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ጠይቆ፣ በ65 ላይ ክፉኛ የሚማረረው ከ60 በመቶ በላይ እንደሆነ አገኘ። የድሮው ስሌት 12 በመቶ ይል ነበር። ለስብሰባ ይያዙት።

አሽበርን አዲስ ቤት አይተናል፤ ዋጋው ከሌላው ረከስ ይላል። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) «አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው» ይላል።

ሪልተሩ እዚያ አይተኛም። ዳለስ በ1962 ሲከፈት ዙሪያው እርሻ ነበር፤ ቤቱ ነው ወደ ኤርፖርቱ የመጣው። አሽበርን ያለችበት ላውደን ካውንቲ ከ65 መስመር ውስጥ አዲስ መኖሪያ አይፈቅድም። ከ60 እስከ 65 ባለው ግን ይሠራል፤ ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅና ግድግዳና መስኮቱ ድምፅ እንዲቀንስ ማድረግ ግዴታ ነው። ያንን ወረቀት ይጠይቁ። ሳይፈርሙ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት። ይህን እንደ ወግ አይደለም የምለው፤ አንዴ ከፈረሙ «አላወቅሁም» የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ማታና እሑድ ጠዋት ሄደው መኪና ውስጥ ቁጭ ይበሉ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ናት። አውሮፕላን ሲያልፍ ትባንናለች፣ ልቧ ይመታል። ግፊት አለባት። ሰዎች ነጭ ሽንኩርት አሉኝ።

ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይጨምሩት፤ እናትዎን ሐኪም ጋ ይውሰዱ። ዛሬ ይደውሉ። የሌሊት ጫጫታ ግፊትን እንደሚነካ የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከ40 ዲሲቤል በታች ይሁን ይላል። ግን ልብ የሚመታው በአውሮፕላን ብቻ አይደለም። መድኃኒቷን እዚህ ከመጣች በትክክል እየወሰደች ነው? ሰዓቱ ተዛብቶባት ይሆን? ይህን ሐኪም እንጂ እኔ አልመልስም። ደረቷን ካመማት ወይ ከተዝለፈለፈች ቀጠሮ አይጠብቁ፣ 911 ይደውሉ። እስከዚያ አልጋዋን ከመስኮቱ ያርቁላት።

ወንድሜ ቦሌ ሕንፃ ሊሠራ ፎቅ ከለከሉት። ቢሮክራሲ ነው አይደል?

ላይሆን ይችላል። አውሮፕላን በሚወጣበትና በሚገባበት አቅጣጫ የሕንፃ ቁመት ገደብ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ቀስ ብሎ ነው ከፍ የሚለው። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት መጀመሪያ 60 ሚሊዮን፣ በኋላ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት እንዲይዝ ነው የታሰበው። በረራው የሚያልፍበት መሬት ላይ ነገ ማን ቤት ይሠራል የሚለውን መጠየቅ አሁን ነው፤ የዳለስን አይተናል።

ጆሮ መድፈኛ የት ይገኛል?

ፋርማሲ። ለሠርግም ይሆናል።