ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያሳይ ሚዛን ትክክል ነው ማለት ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ካሊብሬት ተደርጎ (ንባቡ ከታወቀ ክብደት ጋር ተነጻጽሮ) የመጣላችሁ ባለ 150 ኪሎ ዲጂታል የወለል ሚዛን አንዱን የማሾ ጆንያ ደጋግማችሁ ስትመዝኑት ያንኑ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ እንደገና ለማስፈተሽ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል ወይ ብለዋል፤ በሰርተፊኬቱ ላይ ምን መታየት እንዳለበትም ጠይቀዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ላይ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ቁጥሩ መደጋገሙ የሚያረጋግጥልዎ ሚዛኑ የማይዋዥቅ መሆኑን ብቻ ነው። 99 ኪሎ ከ800 ግራም የሆነን ጆንያ ዘወትር 100 ኪሎ የሚል ሚዛንም አይዋዥቅም፤ ገዢውን ግን በየጆንያው ይጎዳል። ትክክለኛነቱ የሚታወቀው ክብደቱ አስቀድሞ ከተረጋገጠ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር ሲሆን፣ ያ መመዘኛም በተራው እስከ ብሔራዊ ማመሳከሪያ ድረስ ያልተቋረጠ የንጽጽር ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቦታው ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሎድ ሴል (ጭነትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚቀይር የብረት አካል) የሚሠራ እንደ እናንተው ያለ ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ስለሆነ፣ የመሬት ስበት ጥቂት ጠንከር ወደሚልበት ቆላ ሲወርድ ያው አንድ ኩንታል ከ30 እስከ 50 ግራም ያህል ጨምሮ ይነበባል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይህ አይነካውም፤ ስበቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ይስባልና። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሚዛኑ በ50 ግራም የሚከፋፈል ከሆነ፣ ኦ.አይ.ኤም.ኤል አር 76 የተባለው የዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ሰነድ ለሦስተኛ ደረጃ ሚዛን (ለተራ ንግድ ለሚያገለግለው) በመጀመሪያ ምርመራ በ100 ኪሎ ላይ የሚፈቅደው ስሕተት 50 ግራም ስለሆነ፣ በጣርማ በር በኩል ቁልቁል መውረዱ ብቻ ከተፈቀደው አብዛኛውን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ በሚሠራበት ቦታ ይፈተሽ።

ጉዞው ሌላም ጣጣ ያመጣል። ከመኪና የወረደ አንድ ሚዛን ስንፈትሽ፣ የ50 ኪሎው መመዘኛ መሃል ላይ ሲቀመጥ 50.00 አነበበ፤ ወደ አንዱ ማዕዘን ስንገፋው 49.85 ሆነ። ሰሌዳውን ብናነሣው በዚያ ማዕዘን በሰሌዳውና በፍሬሙ መካከል ጠጠር ተቀርቅሮ ከጭነቱ የተወሰነውን ይሸከም ነበር። ጆንያው ሁልጊዜ መሃል ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይኖር ነበር፤ ስለሆነም አራቱም ማዕዘን መፈተሹን፣ ውኃ ልኩም መስተካከሉን ይጠይቁ።

በሰርተፊኬቱ ላይ ከማኅተሙ ይልቅ ሠንጠረዡን ያንብቡ። በየክብደቱ የተገኘው ስሕተት፣ ከጎኑም የልኬቱ ኢ-እርግጠኝነት፣ ማለትም የተገኘው ስሕተት ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ መጻፍ አለበት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ ይሰጣል። በ100 ኪሎ ላይ ስሕተቱ 40 ግራም፣ ኢ-እርግጠኝነቱም 30 ግራም ከሆነ፣ እውነተኛው ስሕተት ከ10 እስከ 70 ግራም ባለው ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሚዛኑ ከ50 ግራም ገደብ አልፏል ወይም አላለፈም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። መመዘን የምትጀምሩት ከስንት ኪሎ ነው የሚለውም ይታይ፤ አምስትና አሥር ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ፣ በ100 ኪሎ ብቻ የተሠራ ፍተሻ አይበቃችሁም።

በመጨረሻም ባለሙያው ማስተካከያውን ከመንካቱ በፊት ያገኘውን ንባብ እንዲመዘግብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ካሊብሬሽን ስሕተቱን ማወቅ ሲሆን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ የቀድሞው ንባብ ሳይጻፍ ከተስተካከለ፣ ሚዛኑ ካለፈው ፍተሻ ወዲህ ምን ያህል እንደሸሸ የሚያሳየው ብቸኛው መረጃ ይጠፋል፤ የሚቀጥለውን ፍተሻ ማቅረብ ወይም ማራቅ የሚቻለውም በዚሁ መረጃ ነው።